ዓሣዬ የተጠራበት ስብሰባ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ጠብሻለሁ። ሐይቁ ሲሞላም ሲሸሽም አይቻለሁ። ታዲያ ከጠበሳ ቤቴ በታች ያለው ሆቴል ግቢውን እስከ ውሃው ሊያሰፋ ስብሰባ ሲጠራ፣ ለወጣት ማኅበሩ ደብዳቤ ደረሰ፤ ለባንኩ ደረሰ፤ ሐይቁን በመስኮት እንጂ በእግሩ ለማያውቀው ለኢንሹራንስ ቤቱ ሳይቀር ደረሰ። ለእኔ አልደረሰም። ቢደርሰኝም ማንበብ አልችልም፤ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው። ተቀብዬ ዘቅዝቄ መያዝ መብቴ ነበር።

ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። አዲሱ አጥር የሚያልፈው መንገዳችን ላይ ነው። መንገድ ስል አስፋልት እንዳይመስላችሁ፤ ከጀልባዎቹ ማረፊያ ወደ ሰፈራችን የምትወጣ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ናት። እሷ ከተዘጋች ዓሣዬን ተሸክሜ የሆቴሉን ግቢ በሙሉ መዞሬ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። መንገዷ ተዘጋች ማለት መጥበሻዬ ተሰቀለ ማለት ነው።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት የሆቴሉ ወጥ ቤት ደወለልኝ። «እማማ ወርቅነሽ፣ ለስብሰባው ምሳ የስልሳ ሰው ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ይላኩልን።»

ዓሣዬ ተጠርቷል። ያልተጠራሁት እኔ ነኝ።

ጠብሼ ስጨርስ ሳፋውን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። ዋናው በር ላይ ጥበቃው ባህሩ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ስምዎ የለም እማማ።»

«ደህና አድርገህ እየው።»

«አየሁት። መጨረሻ ላይ ‹ሌሎች› የሚል አለ።»

«እኔ ነኛ!»

«እነሱም ደብዳቤ አላቸው። ዓሣው ግን በጓሮ በር ይገባል።»

«እንግዲያው እኔም ዓሣ ነኝ» አልኩና በጓሮ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤርሚያስ ወተት የመሰለ ሸሚዙን ለብሶ ይናገራል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሄራን ከጎኑ ተቀምጣለች። «ደስ የሚለው ነገር» አለ ኤርሚያስ፣ «ባለድርሻ አካላት በሙሉ ተገኝተዋል። የቀረ የለም።»

«እኔስ?» አልኩ ከነሳፋዬ።

«እማማ፣ ምሳ ገና ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ ላይ ሲሳቅ ደግሞ ምላሴ ሞረድ እንዳገኘ ቢላ ነው የሚሆነው። ሳፋውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«ስማ ልጄ፤ ባንኩ ምን ሆኖ ነው ባለድርሻ የሆነው? አጥርህ መንገድ ሲዘጋ ባንኩ ሳፋ ተሸክሞ ሊዞር ነው? ባለድርሻ ማለት ደብዳቤ የደረሰው አይደለም፤ ጣጣው የደረሰበት ነው! ሥራ የምትጀምር ሰው ‹ማንን አውቃለሁ› አትበል፤ ‹የእኔ ሥራ ማን ደጃፍ ላይ ይወድቃል› በል።»

ተጨበጨበልኝ። ወይ ጭብጨባ! ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ጠጅ እንኳ እንደሱ አያሰክርም። ሄራን ቀና ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ፤ «እማማ፣ የእርስዎስ ሥራ ጣጣው የሚደርስበት ሰው ይኖር ይሆን?»

«የኔ? የኔ ሥራ ከሆድ በቀር የነካው የለም!»

«እማማ ወርቅነሽ፣ አይቀየሙኝና እኔን ነክቶኛል።»

ዞር ስል ፋጡማ ናት፤ የአጥር ጎረቤቴ። እሷም አልተጠራችም። የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ በጓሮ በር ይዛ ገብታ፣ ክምሩን እንደታቀፈች ግድግዳ ተጠግታለች። የሆቴሉንም የአልጋ ቤቶቹንም አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት።

«ዓሣውን ሲያጸዱ አንጀቱን ከቤትዎ ኋላ ይጥሉታል» አለች። «አባ ኮዳዎቹ እየመጡ ይበላሉ። ከጠገቡ ወዲያ አይሄዱም፤ ከልብስ ማስጫዬ በላይ ያለው ዛፍ ላይ ይቀመጣሉ። የበሉት ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያጠብኩትን አንሶላ መልሼ አጥባለሁ። እንዲህ ስሆን ዘጠኝ ዓመቴ።»

አባ ኮዳን የማያውቅ ካለ፤ ቁመቱ ልጅ የሚያህል፣ አንገቱ ላይ ኮሮጆ ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው። ሲያራግፍም እንደቁመቱ ነው።

«ታዲያ አፍ የለሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ‹ወፉ የፈጣሪ ነው፣ ሱሪ ላልብሰው?› አሉኝ።»

አዳራሹ ፈረሰ። ባንኩ ሳይቀር ሳቀ። ብያለሁ፤ ያልኩት እኔው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ሌላ ሰው አፍ ላይ አያምርም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በራሴ ቀልድ ብቻዬን እንደሳቅኩም ትዝ አለኝ። ፋጡማ አጥር ማዶ አንሶላ ስታጥብ እኔ ስስቅ! ዘጠኝ ዓመት ሰው ደጃፍ ላይ ስጥል ኖሬ፣ አንዲት ቀን አልተጠራሁም ብዬ ከተማውን አስነሳሁት። ሳፋው ውስጥ ገብቼ ከዓሦቹ ጋር ብተኛ በወደድኩ።

ኤርሚያስ ደስ ብሎት እጁን አሻሸ። «እንግዲህ እማማ፣ ሥራ ያለው ሁሉ ጎረቤት ማስቸገሩ አይቀርም ማለት ነው። ወደ አጀንዳችን እንመለስ። አጥሩን በተመለከተ ተቃውሞ የለም ብለን…» ሄራን እስክሪብቶዋን አነሳች።

ያን ጊዜ ገባኝ። የኔን ሐፍረት የአጥሩ ቋሚ ሊያደርገው ነው። አፍሬ ዝም ብል መንገዳችን ሄዳለች፤ የኔም፣ የማጠቢያ ውሃ የምታመላልስባት የፋጡማም።

«ቆይ» አልኩት። «እንዳትጽፊ አንቺ! አዎ፣ በድያለሁ። ፋጡማ፣ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስሰድብሽ ሰው ፊት ስላልነበረ ዕዳው ያንሳል አትበዪ። ዝርዝር ቢኖረኝ ኖሮ ከላይ ‹እኔ›፣ ከታች ‹ሌሎች› ነበር የሚለው። ያንተም ዝርዝር ያው ነው ኤርሚያስ፤ ማኅተም ስላለው ነው የሚያምረው። እኔ መሃይም ሆኜ ነው ያላየሁት። አንተ ተምረህ ምን ነካህ?»

ፋጡማ ክምሯን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማማ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ኤርሚያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሄራን፣ አሁን ጻፊ። መጀመሪያ ፋጡማን፣ ከሷ በታች እኔን። ከሰኞ ጀምሮ አንጀቱን ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብራለሁ፤ እሱንም ጻፊው። አንተ ደግሞ ኤርሚያስ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ፋጡማ ግቢ ትመጣለህ። በጀልባዎቹ በኩል፣ በመንገዳችን፣ በእግርህ ውጣ። ከዛፉ ሥር ወንበር አወጣልሃለሁ፤ እስከ እኩለ ቀን ትቀመጥና ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር ያኔ ትነግረኛለህ። እስከዚያ አንዲት ቋሚ እንዳትተክል። ፋጡማዬ፣ ይቺን አንድ ቅዳሜ አንሶላ አታስጪ፤ ዛፉን ለወፎቹ ተዪልኝ። እና ልጄ፣ ይህንኑ ነጭ ሸሚዝህን ለብሰህ ና።»