በላፕቶፑ ውስጥ ሰኔ ነበር

ጋሽ ሙሄ ቀኑን አስገብተው የመጨረሻዋን ቁልፍ ሲጫኑ፣ የሞተችው ሚስታቸው ዘምዘም ከላፕቶፑ ውስጥ «ማነው?» አለች።

ኢክራም ቀና አላለችም። ደሴ ፒያሳ ካለችው የጥገና ሱቋ ተቀምጣ የሰው ስልክ እየበየደች ነበር።

«ድምፁ በዛብዎት አባባ?»

«የለም። ደግ ነው» አሉ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ልጃቸው አንዋር ሰመራ ሥራ ሲይዝ ትቶላቸው ሄደ፤ አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ፊቱን የሚያሳያቸው በሱ ነው። ከዚያ ሌላ ፊት ቤታቸው አይገባም። ሰሞኑን ግን ላፕቶፑ ቀኑን እየረሳ ኢንተርኔት አልገባም አለ። ኢክራም ፈታችውና ሳንቲም የምታህል ባትሪ ቀየረችለት። ከዚያ ከላይኛው ረድፍ ኤፍ ሁለት የምትባለውን ቁልፍ አሳየቻቸው።

«ሲበራ አርማው ከመውጣቱ በፊት ይቺን ቶሎ ቶሎ ይጫኑ። ከወጣ አለፈዎት፤ አጥፍቶ እንደገና ነው።»

ሁለቴ አለፋቸው። በሦስተኛው ሰማያዊ ገጽ መጣ።

«ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ይሙሉለት፤ እጄ ተይዟል» አለቻቸው።

ጋሽ ሙሄ ፊደል አልቆጠሩም። ቁጥር ግን የወፍጮ ቤት ሚዛን አስተምሯቸዋል። ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት አሉት። ወሩ የካቲት ነው፤ ከመስከረም ሲቆጠር ስድስተኛ፤ ስድስት አሉት። ሰዓቱ ዘጠኝ ስለሆነ ዘጠኝ አሉት። ላፕቶፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የሰጡትን ዝም ብሎ ተቀበለ። በሱ ቤት፣ ወደኛ ሲመለስ፣ ሰኔ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ሆነ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ዝናብ። ዘምዘም የሞተችው በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው።

ከስክሪኑ ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ኢክራም በአንድ እጇ ጨርቅ አቀበለቻቸው።

«ቁልፎቹ እንዳይረጥቡ።»

ጠረጉ።

«ማነው? ሰው ከሆንክ ግባ እንጂ!» አለች ዘምዘም።

ጋሽ ሙሄ ኢክራምን አዩ።

«መግባት ይቻላል?»

«ይቻላል። ጫማዎን ግን ያውልቁ።»

አወለቁ። መጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎ ትከሻቸውን አስገቡ። ጠባብ ነው፤ እሳቸውም ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከስተዋል።

የገዛ ቤታቸው ነበር። በዚህ ሰዓት ግን አይተውት አያውቁም፤ ያኔ ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ላይ ናቸው። ዘምዘም እሳቸው በሌሉበት ምን ትሠራ እንደነበር አሁን አዩ። ምንም አትሠራም። በሩን ፊት ለፊት አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አንተ! ምነው ዛሬ በጊዜ?» አለች። «መብራት ሄደ እንዴ?»

«ሄደ።»

«ዱቄትህን ውጭ አታራግፍም? ስንቴ ልንገርህ!»

ተነሥታ ነጩን ፀጉራቸውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አልረገፈም። መዳፏን ገልብጣ አየች፤ ንጹሕ ነው። እንደገና መታች።

«የምን እህል ነው የፈጫችሁት? ሙጭጭ ብሏል እኮ።»

ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ሰጧት። እሷ ከሞተች ወዲህ ራሳቸውን የነካ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው።

«አባባ!» አለች ኢክራም ከላይ። «ዓመቱን በሀበሻ ነው እንዴ የሞሉት?»

«በኛ ነው።»

«ወላሂ ጉድ ሠሩኝ! ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል። እንዲህ ሆኖ ልጅዎ አይገባልዎትም። ላስተካክለው ወይስ ይቅር?»

«ማናት?» አለች ዘምዘም።

«ጎረቤት ናት» አሏት። ወደ ላይ ቀና አሉ። «ሁለቱም አይሆንም?»

«ላፕቶፑ ያለው ሰዓት አንድ ነው አባባ።»

ጋሽ ሙሄ አሰቡ። ዘምዘም ከማጅራታቸው በላይ ያለውን እየመታች ነው። የዚህ ቤት ሙሄ ከወፍጮው ለምሳ ይመጣላታል። አንዋር ግን ዛሬ አርብ ነውና ጠርቶ ካጣቸው፣ አባቴ ሞተ ይላል።

«ልሂድ» አሏት። «ለምሳ እመጣለሁ።»

«ሳትራገፍ?»

በገቡበት ወጡ። ጫማቸውን አጠለቁ።

«አስተካክይው» አሉ።

ኢክራም ብየዳውን አስቀምጣ ዓመቱን አንድ አንድ እያለች ከፍ አደረገችው። ዝናቡ አባራ። በፈረንጅ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ጋሽ ሙሄ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ፤ ዘምዘም የሞተችበት ነው። ሲከፍቱት ምንም አይሰማም። ሃያ አምስት ላይ ቆመች። ወሩን ሁለት፣ ሰዓቱን አሥራ አምስት አደረገች። የሞላችውን አስቀምጣ ከሰማያዊው ገጽ ወጣች።

«አብሽር አባባ፣ ተስተካክሏል። በሱቁ ዋይፋይ አስገብቼዎታለሁ።»

ወዲያው ጠራ። የአንዋር ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ ጥርሱ፣ አዲስ ያሳደገው ጺም፣ ከኋላው የሰመራ ፀሐይ። አባቱን አይቶ ሳቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የመጣው ድምፅ የዘምዘም ነበር።

«ሙሄ፣ ለምሳ ብለኸኝ ኧረ መሸ። በሩን ከውጭ ማነው የቆለፈው?»