ጉልቤ ይብላ

በዚያ ቤት ኦቾሎኒ በስሙ እንኳ አይጠራም ነበር፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። የባልየው ታላቅ እህት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ብስኩት የያዘ እንግዳ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ይቀበሉና ከረጢቱን ውጭ አስቀርተው ሰውየውን ብቻ ያስገባሉ። ሰው ቢቀየም ይቀየም፣ ግድ የላቸውም።

ምክንያት ነበራቸው። የቤቱ የበኩር ልጅ፣ በምላሷ የተነሳ ቃሪያ የሚሏት፣ ገና ድክ ድክ ስትል አንድ ቁራሽ የኦቾሎኒ ብስኩት ቀምሳ ከንፈሯ አበጠ፣ ገላዋ በሽፍታ ተወረረ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። እናቷ አቅፋት እየሮጠች ሐኪም ቤት ስትደርስ ልጅቷ ዝላ ነበር። በመርፌ ተረፈች። አሁን ተማሪ ናት፤ ለድንገተኛ የሚሆነውን መርፌዋን በቦርሳዋ ይዛ ትውላለች። ያን ብስኩት በእጃቸው ያጎረሷት እትዬ ናቸው። ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም።

እናት ልብስ ሰፊ ናት። ከቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና የጨርቅ ክምር ይዛ ትሠራለች። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ የሕፃን አልጋም ተጨመረ። ልጁን ጉልቤ ያሉት በተወለደ ዕለት የአዋላጇን ጣት ጨብጦ አልለቅም ብሎ ስላስቸገረ ነው። ጉልበቱ እንዳለ ሆኖ ቆዳው ግን አልተመቸውም፤ ክርኑና ጉንጩ በችፌ ቀልቶ ሲያክ ይውላል።

እናት ይህን አይታ የአለርጂ ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሟ ክንዱ ላይ የኦቾሎኒ ጠብታ አድርጋ በስስ መርፌ ጫር ጫር አደረገችና ጠብቃ አየች። ምንም አልወጣም።

«ጥሩ» አለች። «እንግዲያው ሳይረፍድ ኦቾሎኒ ይልመድ።»

እናት ጆሮዋን አላመነችም። «ዶክተር፣ እህቱን ሊገድልብኝ የነበረውን ነገር?»

«ድሮ እኛው ሐኪሞቹ አርቁት እንል ነበር፤ ተሳስተን ነበር። እንዲህ በችፌ የቆሰለ ቆዳ በሰው እጅና በአቧራ የመጣው ኦቾሎኒ ሁሉ ይነካዋል። ሰውነቱ በቆዳው በኩል ቀድሞ ከተዋወቀው እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል። በሆዱ በኩል ቀድሞ ከለመደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይስማማዋል። ዋስትና አልሰጥሽም፤ ዕድሉ ግን በጣም የተሻለ ነው።»

የመጀመሪያው ማንኪያ እዚያው ክሊኒክ፣ ሐኪሟ ፊት እንዲሆን ተስማሙ። ፍሬው እንዳለ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቃል፤ የላመው የኦቾሎኒ ቅቤ በሞቀ ውሃ ቀጥኖ በተፈጨ ሙዝ ይለወሳል። ከተስማማው በየሳምንቱ ደጋግሞ መብላት አለበት፤ አንዴ ከተጀመረ መተው የለም።

እራት ላይ ይህን ስትናገር እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አንዷን ከጉድጓድ አፋፍ መልሰሽ ሁለተኛውን በገዛ እጅሽ ልትገፊው ነው?»

«ሐኪሟ ናት ያለችው፣ እትዬ።»

«ሐኪሟ ያን ቀን እዚህ ነበረች? እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የፈሩት ይደርሳል ሲባልም ሰምቻለሁ።»

ባልየው አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጨቃጨቅበት ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ሰላም ብቻ ነው የሚፈልገው። በእህቱና በሚስቱ መካከል አንገቱን ቀበረ። «እስቲ ልጁ ትንሽ ከፍ ይበል» አለ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ከፍ ካለ በኋላ ምን ዋጋ አለው?» አለች እናት።

ያኔ ቃሪያ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እኔ ስለማልችል እሱም አይችልም ያለው ማነው? በየሰው ልደት ኬክ ፊት ቆሞ እንደኔ ‹ውስጡ ምን አለ?› እያለ እንዲኖር ነው? ይብላ!»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ እትዬ።

«ለራት አይደለም፣ ለምሳ ነው» አለች ቃሪያ። እናቷ ሳቋን ዋጠች።

በቀጠሮው ቀን እናት ልጇን አዝላ ብቻዋን ሄደች። ጉልቤ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ማንኪያውን ሊነጥቅ ታገለ። ጠበቁ፤ ትንሽ ጨመሩለት፤ እንደገና ጠበቁ። ልጁ እንቅልፉን ለጠጠ እንጂ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤቱ የጉልቤ ምግብ ቤት ሆነ። ቃሪያ ትምህርት ቤት ስትሆን እናት መኪናዋን ታቆምና ጨርቁን ገለል አድርጋ ታበላዋለች። ከዚያ ፊቱንና እጁን በሳሙና ታጥበዋለች፣ የራሷንም ትታጠባለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች። ያ ሳህንና ያ ማንኪያ መንገዱን ተሻግረው ቤት ገብተው አያውቁም። ደንበኞቿ ሲጠይቋት፣ «አንዷን እጠብቃለሁ፣ አንዱን አበላለሁ። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» ትላለች።

አንድ ቀን እትዬ ቀሚስ ለማሳጠር መስለው ገቡ፤ የኦቾሎኒ ቅቤውን ጠርሙስ ከመሳቢያ አውጥተው ውጭ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወሩት። እናት አልጮኸችም። መቀሷን አስቀምጣ ሱቅ ሄደች፣ ሌላ ገዝታ መጣችና በዓይናቸው ፊት ክዳኑን ከፈተች። ብዙ ሳይቆይ እሱም ተጣለ። ሌላ ገዛች።

«እስከ መቼ ነው የምትገዢው?» አሉ እትዬ።

«መጣሉ እርስዎን እስኪያደክምዎ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉልቤ ሙዙን ፊቱ ላይ ለቅልቆ ሲስቅ እናቱ ስትጠርገው በአፉ ዙሪያ ቆዳው ቀልቷል። እትዬ በሩ ላይ ነበሩ። እናት ሳትነሳ ልጁን ከወንበሩ መንጭቀው አቀፉት።

«ይኸው! አላልኩም? ይኸው!» ጩኸታቸው መንገዱን ሞላው።

ቃሪያን ታቅፋ የሮጠችበት መንገድ በእናት ዓይን ላይ ድቅን አለ። እጇ ግን አልቆመም፤ የልጁን ልብስ ገልጣ ሆዱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ትንፋሹን አዳመጠች። ንጹሕ ነው። አያስለውም፣ አያስመልሰውም። ስልኳን አነሳች። ሐኪሟ ሁሉንም ጠይቃ ስታበቃ፣ «አሁኑኑ አምጪው፤ ትንፋሹ ከተለወጠ ግን አምቡላንስ ጥሪ» አለቻት።

ባልየው ፈረቃውን ጨርሶ ሲደርስ ከበር ሲወጡ አገኛቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። «በቃ! ሁለተኛ እንዳትሰጪው! ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አለች። «ሐኪሟ ተዪ ካለችኝ እተዋለሁ። ሰው ስለጮኸብኝ ግን አልተውም። ከፈለግህ ና፣ ራስህ ስማ።»

ሁሉም ሄዱ። ሐኪሟ ልጁን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው። የቀላው ለሃጩና ምግቡ የነካው ቦታ ብቻ ነበር፣ እሱም እየከሰመ። «ችፌ ያለበት ቆዳ ነው፣ ሲነካኩት ይቆጣል። ከመብላቱ በፊት አፉን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡት። ለማረጋገጥ እዚሁ ይድገም» አለችና ማንኪያውን ልጁን ወደታቀፉት ወደ እትዬ ዘረጋች። ያን ብስኩት ማን እንዳጎረሰ አታውቅም።

እትዬ ማንኪያውን አልተቀበሉም። «እኔ አልችልም» አሉ። «ይህ እጅ አንዴ አጉርሷል።»

ባልየው መሬት መሬቱን አየ። እናት ግን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ብስኩት ብለው ሰጧት እንጂ መርዝ ብለው አይደለም። እኔም ብሆን እሰጣት ነበር። አንድም ቀን በሆዴ ይዤብዎት አላውቅም። በእኔ ጸጸት ልጅሽን አሳድጊ ካሉኝ ግን እምቢ! ይያዙልኝ፣ እኔ አበላዋለሁ።»

ያዙት። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ገለጡ። ጉልቤ በላ፣ ጨረሰ፣ ባዶውን ማንኪያ ቀምቶ በእትዬ አፍንጫ ላይ ደበደበ። ጠበቁ። እትዬ ዓይናቸውን ከልጁ ከንፈር አልነቀሉም። ምንም አልመጣም።

እትዬ ከዚያ በኋላም በእጃቸው አላበሉትም። ጠርሙስ መጣሉን ግን ተዉ። እናት ሥራ በዝቶባት ምሳው ሲዘገይ ከመንገዱ ማዶ፣ «ያ ልጅ ዛሬ አልበላም እንዴ? አይቋረጥ አልተባለም?» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ጉልቤ እየሮጠ ዕቃ መስበር ሲጀምር ሐኪሟ ደግማ አየችው። ኦቾሎኒ ተስማምቶታል፣ ይቀጥል አለች። እናት በደስታ ስትስቅ ቃሪያ ከጥግ ብድግ አለች።

«እኔስ?»

ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺ የለየለት አለርጂ አለብሽ፣ የአንቺ መንገድ ሌላ ነው። እዚሁ በእኛ ቁጥጥር በጣም ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየጨመርን ሰውነትሽን እናለማምዳለን። ረጅም ነው። ሊያሳክክሽ፣ ሆድሽን ሊያምሽ፣ ሊብስም ይችላል። ያድንሻል አልልም፣ መርፌሽንም አትጥዪም። ምናልባት በስህተት ብትቀምሺ እንደዚያን ጊዜው እንዳይሆን ነው።»

«አይሆንም!» አለ አባትየው።

«ቆይ... እናስብበት» አለች እናት።

ቃሪያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እናቷን አየቻት። «ለጉልቤ ስትጣዪ እንዲህ አላልሽም። የኔ ሲሆን ነው የምትፈሪው? የሚያሳክከው እኔን፣ የሚያመው እኔን! እኔ እሞክራለሁ።»

ያን ሁሉ ሰው የተከራከረችው ልብስ ሰፊ ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ «ዶክተር፣ እስቲ እንደገና ያስረዱኝ» አለች።

ብዙ ተነጋገሩ፣ ሐኪሟን ደጋግመው ጠየቁ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ፤ በመጨረሻ አባትየውም እሺ አለ። ሕክምናው በሚጀመርበት ጠዋት እናት ስፌት ቤቱን ቆልፋ፣ ቃሪያ ቦርሳዋን አንግታ ሲወጡ እትዬ ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ቆመዋል። ማንም አልጠራቸውም ነበር።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ። «ቅደሚ፣ ቃሪያ።»