ጓዳ ሆና የደገመችው

ሳያሌ ሱናንዳ፣ «እማሆይ» እንደማለት ነው፣ ሳጋይንግ ኮረብታ ላይ በቡድሂስቶች ገዳም ከመነኮሰች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የማታውቀው ጸሎት የለም። ወንዶቹ መነኮሳት ራሳቸው ሲጠፋባቸው ሰው ልከው ያስጠይቋታል፣ በጓሮ በር ነው ታዲያ።

ወንድሟ ፖ ላት ደግሞ ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በዘንባባ ጠጅና አውራ ዶሮ በማዋጋት ነው። እናታቸው ስትሞት ለነፍሷ ጽድቅ ይሁናት ብሎ ለሰባት ቀን መነኮሰ። ወንድ ምን አለበት፣ ሲያሻው መንኩሶ ሲሰለቸው ልብሱን ይመልሳል።

እናትየው ግን ሳትሞት የሱናንዳን እጅ ይዛ፣ «በሞትኩ በሰባተኛው ቀን ጸሎቱን አንቺው ድገሚልኝ፤ ያንቺን ድምፅ ነው የለመድኩት» ብላት ነበር።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ሱናንዳ ጸሎቱ ወደሚደገምበት ምንጣፍ ስትሄድ አክስቷ ዶ ፕዋ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ልደግምላት ነዋ።»

«አባ ተቀምጠው?»

«የትኛው አባ? ፖ ላት?»

«ስማቸውን እንዲህ አታንጠልጥዪው። ልብሱ ነው የሚከበረው። በይ ስገጂና ጓዳ ግቢ፤ መነኮሳቱ ከቀትር በፊት መብላት አለባቸው።»

ገብታ ለወንድሟ ሦስት ጊዜ ሰገደችለት። ግንባሯ ወለሉ ላይ እንዳለ ፖ ላት ጎንበስ አለና፣ «እትዬ፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ምን ነበር?» አላት።

«ሳምንቱን ሙሉ አስጠናሁዎት እኮ።»

«አንቱ አትበይኝ፣ ሳቄ ይመጣል።»

«ሰው ያያል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ።»

ጓዳ ገብታ ወጥ እያማሰለች ጆሮዋን ጣለች። ፖ ላት ጀመረ። ትንሽ ሄደና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሁንም ዝም። አጠገቡ ያሉት የገዳሙ አለቃ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ጨረሰ መስሏቸው ጽድቁ ለሟቿ እንዲደርስ በጸሎቱ መዝጊያ የሚፈሰው ውሃ ይፍሰስ ብለው ምልክት ሰጡ። ውሃው ከፈሰሰ ደግሞ አበቃ፤ እናቷ በግማሽ ጸሎት ልትሸኝ ነው።

ሱናንዳ ማማሰያውን ጥላ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል ድምፅዋን ለቀቀችው። እሷ ትላለች፣ እሱ ይከተላል። እስከ መጨረሻው።

ዶ ፕዋ እንባዋን እየጠረገች ጓዳ መጣች። «ወንድምሽ አንጀቴን በላው። እንዴት አድርጎ ደገመላት።»

«እኔ ነኝ የደገምኩት፣ አክስቴ።»

«አንቺማ አስታወስሽው። በሚመጣው ሕይወትሽ ወንድ ሆነሽ ተወለጂ፣ ያኔ ፊት ተቀምጠሽ ትደግሚያለሽ።»

«እናቴ የሞተችው በዚህኛው ነው።»

«ኧረ ተይኝ፣ ሳህኑን አንሺ።»

ተንበርክካ ምግቡን አቀረበችለት። ፖ ላት ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

«እትዬ፣ ሁሉም እኔን እያመሰገነ ነው። ምን ልበል?»

«ቀትር ሳይሆን ይብሉ» አለችውና ድስቷን ልትፈትግ ተመለሰች።