አራተኛው እንግዳ

ልጆቼ፣ ገና ነውና ከእኔም አንድ ትዝታ ይጠበቃል። ሌላው ስለ አዲስ ቀሚስና ስለ ዶሮ ያጫውታችሁ፤ እኔ የማጫውታችሁ ስለ በቀል ነው። አትደንግጡ፣ ማንም አይሞትም። የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ በቃ።

በባሕሩ ዳርቻ ባለው መንደራችን የገና ዕለት ስብከቱ ሲያልቅ የትዝታ ሰዓት አለ። አዛውንቶች በየተራ ይወጣሉ። አንዱ የድሮ ገና ያወራል፣ አንዱ ዜማ ያወርዳል፣ ማንበብ የሚችል ከመጽሐፍ ያነባል። ከዚህ የሚቀድም ልማድም አለን፤ አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ የነበረ። ሰው ቆሞ ሲናገር አንዲት ሴት ቃሉ ልቧን ከነካው ከመቀመጫዋ ተነሥታ ዜማ ታወርዳለች። ያን ጊዜ ተናጋሪው፣ ጳጳስም ቢሆን፣ አፉን ዘግቶ ቆሞ ይጠብቃታል። ሕዝቡ ይቀበላታል። ተይ፣ ተቀመጪ የሚላት የለም፤ ነውር ነው። ግጥሙን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ ትጀምርና በዚያ ቀን በፊቷ ያየችውን ሰው ትሸምንበታለች። አዋቂ ሰው ስሙ ሳይጠራ ራሱን ያገኘዋል።

በዚህ ነገር ታላቅ እህቴን ማንሳን የሚያህል አልነበረም። ሁለታችንም ዓሣ በጢስ አድርቀን የምንሸጥ ነበርን። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ እሷ ፊደል አታውቅም። ግን ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላ ዓሣ ስትገለብጥ አንድ ዜማ ከአፏ ከወጣ የመንገዱ ሰው ሸክሙን አውርዶ ይቆም ነበር።

የመንደሩ መምህር፣ አምፒያ፣ አንድ በጋ ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ምድጃችን ይመጣ ነበር። የዓሣ ማጠቢያ ሳፋችንን ገልብጦ ይቀመጥበታል፤ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ያወጣል።

«ማንሳ፣ ዜማሽ እንዳይጠፋ ልጻፍልሽ» ይላታል።

ማንሳ ደስ አላት። ለደስታዋም ከዓሣው ሁሉ ትልቁን ቀይ ዓሣ ታቀርብለታለች። ይህ ሰውዬ ደግሞ ዓሣ ሲያገኝ ሥጋውን አይነካም፤ ጭንቅላቱን አንሥቶ መጀመሪያ ዓይኑን ይመጥጣል። ጧ ያደርገዋል። አገር ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ሲመጣ ሴቶቹ «ጭንቅላቱን ሸሽጉ፣ መምህር መጣ» ይባባላሉ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ማንሳ ልብ አለች። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላለም፤ አንድ ፍልጥ እንጨት ይዞ አልመጣም። እናም አንድ ጠዋት፣ እዚያው ሳፋው ላይ ተቀምጦ አጥንት እየጋጠ ሳለ፣ የገናውን ዜማ አወረደች፦

ሦስት እንግዶች መጡ ኮከብ ተከትለው፣
አራተኛው መጣ ጢስ አሽትቶ ነው።
የዓሣውን ዓይን አስቀድሞ መጠጠ፣
የእናቲቱን ዜማ በኪሱ ሸጎጠ።

አዝማቹ «ሕፃኑ ተኝቷል፣ ቀስ በሉ» ነው። እኔ ቀስ ማለት አቅቶኝ ከምድጃው ጀርባ ገብቼ ቀሚሴን ነከስኩ። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? አጥንቱን ከአፉ ሳያወጣ፣ «ያቺን ስለ ዓሣው ዓይን ያልሻትን ድገሚልኝ፣ አመለጠችኝ» አላት። ደገመችለት። ጻፋት።

በዓመቱ መጽሐፍ ሆኖ መጣ። ሽፋኑ ላይ «የገና ዜማዎች፣ ድርሰት በመምህር ጆሴፍ አምፒያ» ይላል። የማንሳን ስም ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሌላ ጊዜ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ፊደል እየቆጠርኩ ፈለግሁ። የለም።

ማንሳ ግን ስለ አራተኛው እንግዳ የሚለውን ገጽ ሳነብላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ተዪው አራባ። ራሱን በራሱ እጅ ሰድቦ አሳተመ። ይዘምረው።»

ዘመረውም። ሰበከበትም። «አራተኛው እንግዳ የሄሮድስ ሰላይ ነው» እያለ ያስተምር ነበር። «ዓሣው ምእመን ነው፤ ዓይኑ እምነት ነው።» ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል። ሰው ራሱን ሰድቦ ያሳትማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሳቁ ግን ዓመት አልቆየም። በሚቀጥለው ገና ማንሳ እንደ ወትሮዋ ተነሥታ ያንኑ ዜማ አወረደች፤ እንደ ወትሮዋ በአዲስ ግጥም። የመዘምራኑ ልጆች መጽሐፉን ይዘዋል። ፊሎሜና የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አነሣች።

«ማሜ ማንሳ» አለች፣ እማማ ማለቷ ነው፤ «ተሳሳቱ። መጽሐፉ እንዲህ አይልም።»

ከዚያም መዘምራኑ በመጽሐፉ ቃል ከላይዋ ላይ ዘመሩባት። እህቴ አፏ እንደተከፈተ ቆመች። ዞራ አምፒያን አየችው። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃት ነበር። እሱ ግን ገጽ ገለጠ።

ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ኖረች፤ ለዓሣው እንኳ አልዘመረችም። ልትሞት ስትል እጇን ይዣት፣ ያቺን የገናዋን አውርጂልኝ እስቲ አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«ጠፋብኝ፣ አራባ» አለችኝ። «መጽሐፉ ምን ይላል?»

ልጆቼ፣ እኔ ሌላውን ሁሉ ይቅር እላለሁ። ይህችን ግን ዋጥኳት፤ ሃያ ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀመጠች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አምፒያ ሳይሞት፣ ማንሳ በቆመችበት ቤት፣ እሷን ባዩ ሰዎች ፊት፣ ቆሞ ስሟን እንዲጠራ። በፈቃዱ ካልሆነም ሳይወድ።

ያለፈው ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ራሱ በእግሩ መጣልኝ። ሰማንያ አልፎታል፤ ከዘራ ይዟል፤ እርሳሱ አሁንም ከጆሮው ጀርባ አለች። ከበረሃ የሚነፍሰው የሃርማታን ነፋስ አቧራ አልብሶታል። ሳፋውን ገልብጦ ተቀመጠ፤ አላስፈቀደም።

«አራባ፣ መጽሐፌ በጠንካራ ሽፋን ድጋሚ ታትሟል። ፎቶዬ አለበት። ገና ዕለት ይመረቃል።»

«እንኳን ደስ አለዎት።» በአፌ እርስዎ እላለሁ፤ በሆዴ አንተ።

«በትዝታው ሰዓት ዜማዎቹ እንዴት እንደመጡልኝ እናገራለሁ። አንቺ ደግሞ የዚያን ዘመን ሰው ነሽ። እዚህ ተቀምጬ ዜማዎቹን ስደርስ ዐይተሻል። ተነሥተሽ ብትመሰክሪልኝ።»

ዓሣው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «እኔ ልመስክር?»

«ሌላማ ማን ቀረ? አጭር ይሁን እንጂ። ሴቶች ስትጀምሩ አትጨርሱም።»

«እሺ መምህር፣ እመሰክራለሁ። ማሳጠሩን ግን ቃል አልገባም።»

ሳቀ። ከምድጃው የሽቦ ወንፊት ላይ ትልቁን ዓሣ አነሣ፤ ዓይኑን መጠጠ፤ ጧ።

የገና ዕለት ነጭ ለብሰን ሄድን። ጓደኛዬን ታቺዋን አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ የመንደሩ ጠንካራ ሳንባ እሷ ጋ ነው። «ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተቀበዪኝ። ማቆም የለም» አልኳት። «እስከ መቼ?» አለች። «እኔ እስክቀመጥ።» «ቁርስ በልቻለሁ፣ እችላለሁ» አለችኝ።

ስብከቱ አለቀ። አምፒያ ወጣ፤ አዲሱን መጽሐፍ አትሮንሱ ላይ ዘረጋ።

«ያን ጊዜ» አለ፣ «ጎህ ሳይቀድ በባሕሩ ዳር ብቻዬን ስሄድ ዜማው ከሰማይ ወረደልኝ። ማንም አልነበረም። እኔና ማዕበሉ ብቻ።»

ተነሣሁ። ድምፄ እንደ ማንሳ አይደለም፤ ግን ወጣ። በራሱ ግጥም ጀመርኩ፤ ሦስቱ እንግዶች፣ አራተኛው። ሕዝቡ ደስ ብሎት ተቀበለኝ፦ ሕፃኑ ተኝቷል፣ ቀስ በሉ። አምፒያ ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ መሰከረችልኝ ብሎ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን አወረድኩ፦

እርሳሱ ከጆሮው፣ ወንበሩ ሳፋዬ፣
አራተኛው እንግዳ ማነው፣ እናንተዬ?

ከዓሣ አጥማጆቹ አግዳሚ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ዐይኖች ሁሉ ወደ አምፒያ ጆሮ ሄዱ። እርሳሷ አለች።

ማንሳ ታዜማለች፣ እሱ ይጽፋል፣
ዓይኑን ከመጠጠ ለእኛ ምን ይተርፋል?

አምፒያ ጣቱን መጽሐፉ ላይ ሲያስኬድ አየሁት። ከኮከቡ ወደ ጢሱ፣ ከጢሱ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ዓይኑ። እዚያ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። ሃያ አምስት ዓመት የሰበከበትን ያን ቀን አነበበው። እንዴት እንደጣፈጠኝ አልደብቃችሁም።

ትንፋሽ ስወስድ አምፒያ «እናመሰግናለን፣ እህታችን በደስታ...» ሲል ታቺዋ ከአፌ ነጥቃ አወረደች። ተናጋሪው መቆም አለበት፤ ልማዱ ነው። ቆመ። መዘምራኑን በዐይኑ ጠቀሰ፤ ሌላ አንሡና ሸፍኑኝ ነው ነገሩ። ፊሎሜና አሁን የመዘምራኑ አለቃ ናት፤ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። መጽሐፏን ዘግታ ወንበሩ ላይ አኖረችና ከእኛ ጋር ተቀበለች። አየኋት። እንባዋ ይወርዳል። ይውረድ አልኩ። ለእሷም ያዘንኩላት እንዳይመስላችሁ።

ሕፃናት ሽንት ቤት ሄደው ተመለሱ። ከጓሮ ለበዓሉ የሚበስለው ሩዝ ሽታ መጥቶ ሄደ። እኛ አላቆምንም። አምፒያ አትሮንሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከሕዝቡ ዘንድ ጥቂት እገዛ ነበረኝ» አለ። አወረድን።

«እህት ማንሳም አንዳንድ ሐሳብ አካፍላኛለች።» አወረድን።

ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጋቢ ዳድዚ፣ ወጣቱ አገልጋያችን፣ ወንበር ሊያቀርብለት ብድግ አለ፤ አሮጊቶቹ ዞር ብለው አዩት። መልሶ ተቀመጠ። ማንሳም ያን ገና ቆማ ስትቀር ወንበር ያቀረበላት አልነበረም።

አምፒያ በመጨረሻ እኔን አየኝ። ገጽ አልገለጠም።

«የማንሳ ናቸው» አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር።

«ከኋላ ያለው አልሰማም፣ መምህር» አልኩት።

«ዜማዎቹ የማንሳ ናቸው። ሁሉም። እኔ ጻፍኩ እንጂ አንዱንም አልደረስኩም። የዚያን ቀን ስትታረምም ዝም አልኩ።»

 ታቺዋ ክንዴን ነካች፤ በቃ፣ ተቀመጪ ነው። መቀመጥ ይገባኝ ነበር። ግን እስከዚያ የወረደው ለማንሳ ነበር፤ ለእኔ ምን ቀረ? ስለዚህ ዜማውን ከመጀመሪያው እንደገና አወረድኩት፣ ሙሉውን፣ ሳልቸኩል። እሱ ቆሞ ሰማኝ። አለቀሰ። እኔ ድምፄ አልተሰበረም።

ከዚያ ወደ አትሮንሱ ሄድኩ፤ እርሳሷን ከጆሮው ጀርባ አወጣኋትና ተቀመጥኩ። «መጻሕፍቱን አምጡ።» አዲሶቹ አርባ ሦስት ነበሩ። እሱ እያንዳንዱን ይገልጥልኛል፤ እኔ በአራተኛ ክፍል ፊደሌ ስሙን ሰርዤ ማንሳ ብዬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠማማ ናቸው። ወደ መጨረሻው ግን ቀና አሉልኝ።

መጋቢው ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ማሜ አራባ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አለኝ።

«እውነትህን ነው ልጄ» አልኩት። «ለዚህ ነው ዛሬ ያልጸለይኩት። ዘመርኩ ብቻ።»

አሁንም ሲያየኝ ቆብ ያነሣልኛል። ይቅር ብለሽዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገና መቼም በዓል ነው፤ የዚያን ዕለት ማታ ብቻውን መሆኑን ስለማውቅ ሩዝና ቀይ ዓሣ በሳህን ከድኜ ልኬለታለሁ፤ ሥጋው ወፍራም፣ ቅመሙ ደኅና የሆነ።

ጭንቅላቱን ግን ቆርጬ አስቀረሁት። ምድጃው ሥር፣ ማንሳ ትቀመጥ በነበረበት፣ ተቀምጬ በላሁት። ዓይኑን አስቀድሜ።