መነሳት ነበረበት

«መነሳት ነበረበት» አለ ሻለቃ አስረስ፣ የሻዩን ብርጭቆ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «አደጋውን የመረመርንበት ኮሚቴ ያለው ይህንን ነው። የግራው ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑ በቂ ፍጥነት ይዞ ነበር፤ በቀረው ሞተር ይነሳ ነበር። እሱ ግን ፍሬን ያዘ። ሜዳው አልቆበት ገደል ገባ።»

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ዱዓ ሲያደርጉ የነበሩት ሽማግሌዎች ወደ ሻለቃው ዞሩ። የሟቹ አብራሪ የመቶ አለቃ አብደላ ታላቅ እህት ፈዲላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ከሴቶቹ መሃል ተነሳች።

«ለመወሰን ስንት ጊዜ ነበረው?»

«ሁለት ሴኮንድ። ቢበዛ ሦስት።»

«እናንተስ ለመፍረድ?»

ሻለቃው ብርጭቆውን አየ። «ሦስት ሳምንት ተቀምጠናል።»

መርዶውም የዘገየው ለዚህ ነበር። አብደላ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ተቀብሮ ሲከርም፣ ሐይቅ ከተማ እህቱ ለበዓል ይመጣል ብላ አልጋውን አንጥፋ ትጠብቀው ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ ሶብር አድርጊ» አሏት አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ይዘው። አልተቀመጠችም።

«ለጎረቤታችንም ይህንኑ ነግረዋቸዋል?» አለች ወደ ሻለቃው ዞራ።

«ለሙላት እናት? አዎ። ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።»

ሙላት የአውሮፕላኑ ቴክኒሺያን ነበር፤ አብሮት ሞቷል። እናቱን እትዬ ስህንን ከፈዲላ ቤት የሚለያቸው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ሁለቱ ቤቶች ለሠርግም ለለቅሶም ሳይጠራሩ ሲሻገሩት ኖረዋል። አሁን በአጥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ድንኳን ተተክሎ፣ እትዬ ስህን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላሉም። «ምን ያድርጉ፣ የልጃቸው ገዳይ ቤት ነው» ብላ አንዷ ስታንሾካሹክ ፈዲላ ሰምታለች።

አብደላ ቸኩሎ አያውቅም። አንድ ሽርጥ ለመግዛት ግማሽ ቀን ሲያገላብጥ ስለሚውል፣ የገበያው ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት ይስቁ ነበር። በመጨረሻው ፈቃዱ፣ ለተራበው ሕዝብ በአውሮፕላን እህል ማመላለስ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሙላት ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲበሉ ፈዲላ «አንተ እንዴት ሆነህ ነው የምታበረው?» አለችው።

«እዚያ ማገላበጥ የለም። አንድ ፍጥነት አለ፤ ችግሩ ከሱ በፊት ከመጣ ትቆሚያለሽ፣ ካለፍሽው ትነሻለሽ።»

«ልክ እሱ ላይ ስትደርስ ከመጣስ?»

ሙላት ሳቀ። አብደላ ግን አልሳቀም። «ያኔ አላህ ያውቃል» አላት።

አመንትቶ ይሆን? እዚያም እንደ ገበያው ሊያገላብጥ ፈልጎ ይሆን? ይህ ጥርጣሬ ከሻለቃው ፍርድ ይልቅ አንገበገባት። ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው ውላ፣ አመሻሹ ላይ አጥሩን ተሻገረች። በእትዬ ስህን ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ምን ልትይኝ መጣሽ?» አሉ እትዬ ስህን። «ወንድምሽ ፍሬን ባይዝ ሙላቴ ዛሬ ከፊቴ ነበር።»

ለመከራከር ያዘጋጀችውን ቃል ሁሉ ተወችው። «ቢነሳ ይተርፉ እንደሆነ፣ ተራራ ይበላቸው እንደሆነ አላውቅም፣ እትዬ። ሻለቃውም አያውቅም። ይቅርታ ልለምን አልመጣሁም። ለሙላት ላለቅስ ነው።»

«እኔ አብደላን አልምረውም።»

«አይማሩት።»

የምትቀመጥበት ቦታ አጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እትዬ ስህን ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። ከዚያ፣ ዞር ብለው ሳያዩዋት፣ ምንጣፉ ላይ የተዘረጋውን የጋቢያቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።