በማን ሳምንት

እሁድ እናታቸው ቤት፣ ከምሳ በኋላ ወንድምየው የጋራ መኪናቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ እህትየው ሳህን ማንሳቱን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ግቢው ትወጣለች። ሳምንትህ እንዴት ነበር፣ ሥራ እንዴት ነው መባባል ድሮ ቀርቷል። የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ እስከ ትከሻዋ ትቀበርበታለች። እሱ ደግሞ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያታል። በሚቀጥለው እሁድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እሱ ከኮፈኑ ሥር፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ። እናታቸው ይህን ሁሉ እያየች፣ "ልጆቼ ለመኪናዋ ያላቸው ጥንቃቄ!" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ምን ታድርግ፣ እናት ናት፤ ደግ ደጉን ነው የምታየው።

መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ቀለሟ ምን እንደነበር ካልተነገረ የማይታወቅ ትንሽ መኪና ናት። አባታቸው በሕይወት ሳለ "ኤሊ" ብሎ ሰይሟታል። እሱ ሲሞት ቤቱ ለእናት፣ ኤሊ ለሁለቱ ልጆች ቀረች። አንዱም ያለ ኤሊ መኖር ያቅተው ነበር ማለት አይደለም፤ እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፣ ሱቋ ከቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ወንድምየው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ሞተር ብስክሌት አለው። ኤሊ የምታስፈልገው ለማክሰኞ ነው። የእናታቸው ዳሌ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መውጣት አትችልም፤ በየማክሰኞው ጠዋት ደግሞ ቁልቁለቱን ወርዶ ሆስፒታል መድረስና እግሯን እንቅስቃሴ ማሠራት አለባት። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፦ ካቋረጥሽ ከአልጋ አትነሺም።

ስለዚህ ሳምንት በሳምንት ይፈራረቃሉ። ጠብ እንዳይነሳ ብላ ሕጉን ያወጣችው ራሷ እናትየው ናት፦ በማን ሳምንት ተበላሸች? ባለሳምንቱ ያሠራታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲሰሙት እንዴት ያለ ፍርድ ነው! አንድ ነገር ብቻ ተረሳ። ያረጀ መኪና ቀን ቆርጦ አይበላሽም። ዛሬ ያስነጥሰዋል፣ ነገ ያስለዋል፣ ከነገ ወዲያ ያልበዋል። እና ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ብልጠት ላይ ደረሱ፤ ኤሊ ትዳን ሳይሆን እስከ እሁድ ትድረስ።

የመጀመሪያውን ጉድ ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ሰኞ መንገድ መሐል የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ። ወርዳ ብታይ ከራዲያተሩ የሚወጣው የውሃ ጎማ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በብስክሌት ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ይህን አጠማዘዝ ቤቷ ግድግዳ ውስጥ ካሉት የመብራት ሽቦዎች ታውቀዋለች፤ መብራቱን ያስገባላት ወንድሟ ነዋ! ዓይኗ ደም ለበሰ። አዲስ ጎማ አስገባች፣ ላስቲኩንና ሽቦውን ግን አልጣለችም፤ በከረጢት አድርጋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች።

የተማረችውን ግን አልረሳችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቺንጋው፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ጠዋት ጠዋት እንደተረገጠች ድመት መጮህ ሲጀምር፣ ልብስ የምታሰምርበትን ስስ ሳሙና ከኪሷ አውጥታ ቺንጋውን ከውስጥ በኩል አሸችው። ጸጥ አለ። እስከ እሁድ ምሳ ጸጥ እንዳለ ቆየ። ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

"እቴ፣" አለ ወንድሟ፣ "መኪናዋን አጥበሻት ነበር እንዴ?"

"ምነው?"

"ቺንጋዋ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።"

"ንጽሕና ይጠላል?" ብላ ዘጋችበት። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ዋለች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በረታ። እሱ የተቃጠለ ፊውዝ በማስቲካ ወረቀት ጠቅልሎ መለሰላት፤ የጎማ ቃጠሎ ሸቷት ደረሰችበት። እሷ የላላውን የባትሪ ጫፍ በሚስማር ሰክታ ሰጠችው፤ እሱም መሪው ሥር ሚስማሩን ሰቅሎ እንድታየው አድርጎ መለሰላት። በመጨረሻ ዋና ዋናዎቹ ብሎኖች ላይ ሐምራዊ ክር ማሰር ጀመረች፤ ክሩ ከተበጠሰ እጁ ገብቷል ማለት ነው። ክሩ ተበጥሶ ሲገኝ ሌባ ያዝኩ ትላለች፤ ሳይበጠስ ሲገኝ ደግሞ፣ አይቶ መልሶ አስሮት ይሆናል እያለች ትብሰለሰላለች። አንድ እናት ያጠባቻቸው ልጆች እዚህ ደረሱ፤ እናታቸው አሁንም ለጎረቤት ጥንቃቄያቸውን ታወራለች።

ከዚያ የፍሬኑ ጉዳይ መጣ።

በእሷ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍሬን ስትረግጥ እግሯ ሥር ልፍስፍስ አለባት። ሁለተኛ ስትረግጥ ያዘ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ባለፈው ተራዋም እንዲህ ሆኖባት የፍሬን ዘይቱን ጨመር አድርጋበት አልፋለች። አሁን ኮፈኑን ከፍታ ብታይ ዘይቱ ከታችኛው መስመር ወርዷል። ብትሞላበት ግማሽ ጠርሙስ ጠጣ። ይህን ሁሉ የሚጠጣ ነገር የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ተንበርክካ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል በእጇ ዳበሰች። የግራው የኋላ ጎማ እርጥብ ነው። ጣቷን አሸተተች፤ የፍሬን ዘይት ነው።

አወቀች። ይህን መካድ አትችልም፣ ኋላም አልካደችም። ግን ቅዳሜ ነው፣ ጋራዥ ዘግቷል፣ ነገ ቁልፉን ታስረክባለች። ሌላም ነገር ነበር። እሱ እያወቀ ነው እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ አለች በሆዷ። ያው እንደ ላስቲኩ፣ ያው እንደ ፊውዙ። የእሱን ጣጣ እኔ ላሠራ? ምን ቆርጦኝ! ከሱቋ የመጣ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ጎማውን በደንብ አድርጋ ጠረገችው። ከላይ አፈር ቢጤ ነሰነሰችበት።

እሁድ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ወንድሟ እንደ ልማዱ ዘይት አየ፣ ውሃ አየ፣ ቺንጋውን አሸተተ። ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማ ዞረ። የግራው የኋላ ጎማ ጋ ሲደርስ የመጋረጃውን ክፍተት አጠበበች። አልፎት ሄደ። ከዚያ ተመልሶ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ በጣቱ መታ መታ አደረገና ወደ መስኮቱ ቀና አለ።

"ጢም ብሏል፣" አለ ጮክ ብሎ።

"ቢጎድል ነበር የምትጮኸው!" አለች ከውስጥ።

እሱ ኮፈኑን ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋው።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቋ ውስጥ ካፖርት እየቆረጠች ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን መቀሱ ጨርቁ መሐል ቆመ። በዚህ ሰዓት እናቷ ኤሊ ውስጥ ገብታ፣ ዱላዋን ጉልበቷ መሐል አቁማ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። ከዚያ ዋናው መንገድ። ከዚያ ቁልቁለቱ። እስከ ዛሬ ስለ ኤሊ ስታስብ ወንድሟን ብቻ ነበር የምታየው፤ ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥ አንድም ቀን አላየችም ነበር። ወንድሟ ጋ ደወለች። አላነሳም። በእሱ ሳምንት ስትደውልለት አያነሳም፤ በሷ ሳምንት ሲደውል እሷም አታነሳለትም። እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ የት ደረሳችሁ?"

"ዳቦ ቤቱን አለፍን። ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ?"

"ቁልቁለቱ ጋ ሳትደርሱ አቁም በይው። አሁኑኑ!"

እናትየው ስትነግረው ተሰማት። ቀጥሎ ያ የማትወደው፣ ባፍንጫው የሚወጣው ሳቁ። "ሞኝሽን ፈልጊ በያት። በኔ ሳምንት አስቁማ፣ ተበላሸችበት ልትል ነው። አውቃታለሁ እኮ!"

ብትምል አያምናትም፤ እሷ ብትሆን ታምነው ነበር? የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራሷ ላይ የምትናገረው።

"እማዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይስማ። የግራው የኋላ ጎማ ያፈሳል። ቅዳሜ አይቼዋለሁ። አንተ እንዳታይ ብዬ የጠረግኩት እኔ ነኝ። አፈር የነሰነስኩበትም እኔ ነኝ። ግማሽ ጠርሙስ ነው የሞላሁበት።"

ስልኩ ከእናትየው እጅ ወደ እሱ ሲጠጋ የሞተሩ ድምፅ ጎላ።

"ስንት አልሽ?" አለ ወንድሟ። ሳቁ ጠፍቷል።

"ግማሽ።"

"እኔም ከዚያ በፊት... ግማሽ ሞልቼ ነው የሰጠሁሽ።"

ማርሹን ሲቀንስ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማች፤ የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ሰማች። "ቆመናል፣" አለች እናቷ። "ምንድን ነው የምታወሩት?"

ጋራዡ ከቆሙበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከመንገዱ ዳር ነው። እህትየው በታክሲ ስትደርስ፣ የአባታቸው ደንበኛ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ኤሊን በክሪክ አንስተው ጎማውን ፈተዋል፤ የዘይቱንም ነገር ከወንድሟ ሰምተዋል። እናትየው የተሰነጠቀች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

"ኑ እዩ፣" አሉ መካኒኩ። የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሶ ጠቁሯል። በጣታቸው ትንሽ ያበጠች የላስቲክ ቆብ አወጡ። "ያፈሰሰችው ይህቺ ጎሚኒ ናት። የዛሬ አይደለችም፣ ሁለት ወር ሆኗታል። አንድ ሰው ብቻ ቢነዳት በሁለት ሳምንት ይነቃ ነበር። አንድ ሙሉ ጠርሙስ እየጠጣች ዝም የሚል የለማ! እናንተ ግን ተካፈላችሁት፤ ለእያንዳንዳችሁ ትንሽ ሆኖ ታያችሁ።" ወደ ቁልቁለቱ በአገጫቸው ጠቆሙ። "ዛሬ ግን ለመካፈል አይበቃም ነበር።"

"ሁለታችሁም ከቁልቁለቱ መታጠፊያ በፊት ፍሬኑን ሁለት ሁለቴ ስትረግጡ እሰማ ነበር፣" አለች እናታቸው ከወንበሯ። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻል ነበር። "አባታችሁ አንዴ ነበር የሚረግጠው። እኔ ደግሞ፣ ልጆቼ ከሱ የተሻለ ጠንቃቆች ናቸው ብዬ።"

እህትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ወንድሟም ካቻቢቴውን ከመሬት አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

መካኒኩ አዲሱን ጎሚኒና አዲሱን ሸራ አስገብተው፣ ጎማውን አስረው እጃቸውን ጠረጉ። "አሁን ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል። አየሩ ካልወጣ ፍሬን የለም። አንዱ ገብቶ ይረግጣል፣ ረግጦ ይይዛል። አንዱ ሥር ገብቶ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ይፈታል፣ አየሩ ሲወጣ ይዘጋል። ብሎኗ ሳትዘጋ የሚረግጠው እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ድካማችን ሁሉ ከንቱ። አራቱም ጎማ ነው። በሉ፣ እናንተው!"

እህትየው መሪው ጋ ገባች። ወንድሟ በጀርባው ተንፏቆ ኤሊ ሥር ገባ። ሦስት ጊዜ ረግጣ ያዘች።

"ይዘሻል?" አለ ከሥር።

"ይዣለሁ።"

ብሎኗ አልተፈታችም።

"እውነት ይዘሻል?"

"ይዣለሁ አልኩህ!"

ልብሱ መሬት ላይ ሲፋተግ ተሰማ፤ ከሥር ወጣ፣ በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ። እግሯ ፍሬኑ ላይ ነው። ተመልሶ ሥር ገባ። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ቅዳሜ ያን ጎማ የጠረገ እጅ የሷ ነው፤ በምን አፏ? ብሎኗ ተፈታች፣ አየሩ ፍስ ፍስ እያለ ወጣ፣ ተዘጋች።

"ልቀቂ። እንደገና።"

ረገጠች፣ ያዘች።

"ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

ልብሱ እንደገና መፋተግ ጀመረ። ሊወጣ ነው። ያን ጊዜ እናታቸው ዱላዋን ተደግፋ ከወንበሯ ተነሳች። መካኒኩ ሊደግፏት ቢነሱ እጇን አወዛወዘችባቸው። አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያለች ወደ ተከፈተው በር መጣች፤ የበሩን ጠርዝ ይዛ ጎንበስ አለች፣ የልጇን እግር አየች።

"ይዛለች፣" አለች ወደ ታች። "ፍታው።"

ፈታው።

አራቱም ጎማ እስኪያልቅ እንዲያ ሆነ። በእያንዳንዱ ጎማ አምስት ስድስት ጊዜ፣ እሱ "ይዘሻል?" ይላል፣ እሷ "ይዣለሁ" ትላለች፤ እናታቸው ጎንበስ ብላ አይታ "ይዛለች" ስትል ብቻ ነው ብሎኗ የምትፈታው። እህትየው እንባዋ እየወረደ ነበር፣ ግን እግሯን ከፍሬኑ አላነሳችም። መካኒኩ ወንበሩን ሁለት ጊዜ አቀረቡላት፤ እናትየው በዚያ በተሰበረ ዳሌዋ ቆማ ቀረች እንጂ አልተቀመጠችም፤ ከሁለቱ ልጆቿ አንዳቸውም ተቀመጪ ለማለት አልደፈሩም።