ደረቅ ናት?

ጀዋሂር እጇን በልጇ የዝናብ ጃኬት አንገት በኩል አስገብታ ትከሻዋን ዳበሰች። እርጥብ ነው። ወደ ብብቷ ወረደች፤ እሱም እርጥብ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲና በስብሳ ስትገኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው። የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍታ ሹራቧን ስታወልቅላት ከንዴት ይልቅ ፍርሃት ነበር ያደረባት።

ለሌላ እናት የልጅ ልብስ ቢረጥብ ተቀይሮ ያበቃል። ሲና ግን ገና አራት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት፤ ባለፈው የካቲት የሳንባ ምች ይዟት ስድስት ቀን ሙሉ በኦክስጅን ስትተነፍስ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሟ ስታስወጣት፣ «ትጫወት፣ ትሩጥ፣ ዝናብም አያስፈራችሁ፤ ብቻ እርጥብ ልብስ ለብሳ ብርድ ላይ እንዳትውል» ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ልጅ አልመስል አለች። ከሶፋው አትወርድ፣ ከታብሌቱ ዓይኗን አትነቅል፣ አንዲት ጉርሻ ለመዋጥ ግማሽ ሰዓት። ወደ ሰው የመለሳት የኢሳያስ የሕፃናት መዋያ ነው። ኢሳያስ እዚሁ አትላንታ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቤተሰቡ የቢሮ ሥራ ሲጠብቅለት ስኮትዴል ውስጥ ከቤቱ ጓሮ፣ ዛፍ ሥር፣ አሥር ሕፃናት የሚያውል ጎረምሳ ነው። መብረቅ ከሌለ በቀር ልጆቹ ውጭ ናቸው፤ ዘነበ አልዘነበ ጭቃ ሲያቦኩ ይውላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሲና ቤት ገብታ በራሷ አፍ ምግብ ጠየቀች። ጀዋሂር ሳህኑን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች።

የዝናብ ልብሱንም እንደ ዋዛ አልመረጠችውም። ሦስት ቅዳሜ የታከር ከተማን ሱቆች አንድ በአንድ አዳርሳለች። «ውሃ ይቋቋማል» የሚለው ለካፊያ እንጂ ለዶፍ እንደማይሆን ኢሳያስ ነግሯት ስለነበር፣ «ውሃ አያስገባም» የሚል ካልተጻፈበት አትነካውም። ስፌቱ ከውስጥ በፕላስተር የታሸገ፣ የእጅጌው ጫፍ በላስቲክ የሚሰበሰብ፣ ሱሪው ከቦት ጫማው ውጭ የሚወርድ አገኘች። ቤት ወስዳ ሆዱን በሶፍት ጠቅጥቃ አሥር ደቂቃ ሻወር ሥር ሰቀለችው። ሶፍቱ ደረቁን ወጣ። መስከረምንና ጥቅምትን ልጅቷም ደረቋን ገባች። ታዲያ አሁን ምን መጣ? ያው ኢሳያስ ችላ ብሎ ነዋ! ወይ ያወልቅላታል፣ ወይ ዚፑን አይዘጋውም።

ስልኳ ጮኸ። ባሏ መንሱር ነው። ከባድ መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ደውሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደረቅ ናት?»

«ትንሽ… ትከሻዋ ጋ…»

«ጀዋሂር፣ ላስት ታይም ነው። ደግማ ብትረጥብ መዋያውን ካንስል አድርጊው። እማዬ አለች፣ ቤት ትዋል።»

እማዬ የሚላቸው እናቱን እትዬ አስማን ነው። ከደሴ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር «ብርድ!» ብለው የሚነሡ ሴት ናቸው። ጀዋሂር የልጃቸውን ጆሮ የሚሞሉት እሳቸው እንደሆኑ አልተጠራጠረችም። ሲና ገና ከበር ስትገባ ጃኬቷን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይቀበሉና መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲፈስ ይሰማል። ልብሱን ለቅለቅ አድርገው ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ይመስላታል። ደግሞ በረንዳው ላይ ያለው የበሶብላው ማሰሮ አፈሩ ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ ነው፤ ለሱም የረገመችው አፈር የሚጭሩትን ሽኮኮዎች ነበር።

ሐሙስ ዶፍ ወረደ። ጀዋሂር ሚድታውን ካለው ሆቴል ሥራዋ አስፈቅዳ ወጣችና ከኢሳያስ ቤት ማዶ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። ሳይጠራጠር ልትይዘው ነው። መስታወቱን በመዳፏ እየጠረገች በተሰበረው አጥር በኩል አሻግራ ታይ ጀመር።

ሲና ኩሬ ውስጥ ቆማለች። ኮፍያዋ እስከ ግንባሯ ወርዷል፣ ዚፑ እስከ አገጯ ተዘግቷል። ኢሳያስ አልፎ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ እጅጌዋን አስተካከለላት። ጀዋሂር የተዘጋጀችበት ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ። ወዲያው አንድ ቢጫ፣ ያረጀ ውሻ እየተንገዳገደ መጣና የሲናን እጅጌ፣ ከዚያም ደረቷን ላሰ። ልጅቷ በሳቅ ፈነደቀች።

ጀዋሂር በድንጋጤ መሪውን ጨበጠች። ስታስመዘግባት ውሻ ቢኖርም ከአጥር ወዲያ እንደሆነ ነበር የተነገራት። እትዬ አስማ ይህን ቢያዩ ልጅቷ ከነገ ጀምሮ እዚህ አትውልም ብላ አሰበች። ከመኪናው ወርዳ በዝናቡ ውስጥ ሮጠችና እጇን ከልጇ ጃኬት ሥር ሰደደች። በስብሳለች።

«ኢሳያስ፣ ምን አድርገሃት ነው?»

«ኖ ዌይ! ዚፑን ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ከጠዋት ጀምሮ አላወለቀችም፣ አይ ስዌር።»

«ውሻውስ?»

«ቢስኪት? ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዛፍ ወድቆ አጥሩን ሰበረው። ላይክ፣ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ሶሪ።» ሌላ ልጅ፣ ነጅዋን፣ ጠራና ጀዋሂርን አንገቷን አስነካት። ደረቅና ሙቅ ነች። ከዚያ ሲናን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ ጃኬቷን ከጣሪያው ሥር ገለበጠው። የስፌቱ ፕላስተር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ የውስጡ ሽፋን ተፈረፋፍሮ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄን በምንድነው የምታጥቡት? በሽቦ ነው?»

«አሁን ደግሞ ልብስ ማጠብ ልታስተምረኝ ነው?» አለች ጀዋሂር።

ሲና ሳለች። ደረቅ፣ አጭር፣ ተከታትሎ የሚመጣ ሳል። ጀዋሂር ያንን ሳል ታውቀዋለች። መተንፈሻ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለቴ ነፋችላትና እየነዳች ቤት እስክትደርስ በኋላ ማሳያው መስታወት ከመንገዱ ይልቅ የልጇን ደረት አየች። ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር የደረቷን ሲርሲርታ ለመስማት ትንፋሿን ትይዛለች።

ቤት ሲገቡ እትዬ አስማ እንደ ልማዳቸው ጃኬቱን በሁለት ጣታቸው ተቀብለው ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። ጀዋሂር ሲናን ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረቷን አዳመጠች፤ ጋብ ብሏል። ውሃው መፍሰስ ጀመረ። ቆመ። ደግሞ ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ የኢሳያስ ጥያቄ ትዝ አላትና ተነሥታ በሩን ከፈተችው።

እትዬ አስማ ገንዳው አጠገብ ተንበርክከዋል። በአንድ እጃቸው ጠንካራ ብሩሽ፣ ከጎናቸው በጣሳ የበሶብላው አፈር። ጃኬቱን ገልብጠው ከነአፈሩ ይፈትጉታል። «አንድ» አሉና ውሃውን ለቀቁት።

«እማዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ዝጊው በሩን!» አሉ ደንግጠው። «ውሻው ይልሳታል፣ ራሷ ነገረችኝ። ምራቁ ነጃሳ ነው፤ የነካው ልብስ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። እንዲያ ነው የተማርነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ይልሳት የለ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ላንቺ ብነግር ለመንሱር ትነግሪዋለሽ። መንሱር ደግሞ ውሻ ሲባል አንድ ቀን እዚያ አያውላትም።» ብሩሹን አስቀመጡት። «ልጅቷ በላች እኮ ጀዋሂር። እዚያ ውላ ስትመጣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ታዲያ የኔ ክንድ ቢዝል ምን አለበት?»

ጀዋሂር አፈረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠላት ያደረገቻቸው ሴት፣ ጣታቸው እስኪሰነጣጠቅ የልጅቷን የመዋያ ቦታ ሲጠብቁላት ከርመዋል። ዓይኗ ውሃው ላይ አረፈ። ነጫጭ ፍርፋሪ ተንሳፍፎበታል።

«እድፉ ነው» አሉ እትዬ አስማ ዓይኗን ተከትለው። «በየቀኑ እንዲህ ይወጣል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጀዋሂር እጇን ዘርግታ የተላጠውን ስፌት አሳየቻቸው። ከሳሎን ሲና ሳለች። እትዬ አስማ ፍርፋሪውን አዩ፣ ጃኬቱን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ፋቅ አደረጉት። ፕላስተሩ ተልጦ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ያ ረቢ! ዝናቡን ያስገባሁባት እኔ ነኝ?»

ልትዋሻቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። «አላወቁም እማዬ። እኔም አላወቅኩም።»

ስልኩ ጮኸ። ጀዋሂር ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው። «ደረቅ ናት?» አለ መንሱር። አፏን ከመክፈቷ እትዬ አስማ እርጥብ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

«እርጥብ ናት» አሉት። «ያረጠብኳት እናትህ ነኝ። ውሻ አለ፣ በየቀኑ ሰባት ሰባቴ እያጠብኩ ልብሷን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። እሷን አንዲት ቃል እንዳትናገር። የሚቀየረው ልብሱ ነው። ልጅቷን ከዚያ ብታስቀራት ግን አውፍ አልልህም፣ ይቅርታዬን አታገኝም፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እማዬ» አለ መንሱር። «ትንፋሿስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች ጀዋሂር። ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ሲደርስ በእርግጥም ደህና ሆነ።

ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች ታከር ሄዱ። ኢሳያስ አጥሩን አሠራለሁ ብሏል፤ እትዬ አስማ ግን በአጥር አያምኑም። ቢራቢሮ ያለበትን፣ ሮዝ የሆነውን ሁሉ እየገለበጡ ስፌቱን በጥፍራቸው ይቧጥጡና «ይሄ ይላጣል» ብለው ይመልሳሉ። በመጨረሻ አንድ መልከ ጥፉ ቢጫ ጃኬት መዘዙ፤ ወፍራም ጎማ፣ በክር ያልተሰፋ፣ ጠርዝ ከጠርዝ በሙቀት የተጣበቀ፣ ከውስጥ የሚላጥ ነገር የሌለው።

ቤት እንደገቡ ገና ልጅቷ ሳትለብሰው ሰባት ጊዜ አጠቡት፤ አንዱን በአፈር። እትዬ አስማ ፈተጉ፣ ጀዋሂር ቆጠረች። ሲያበቁ እትዬ አስማ የሚሰግዱበትን ነጭ ሻሽ ከራሳቸው አውልቀው አጣጠፉና ከጃኬቱ ውስጥ ከተቱ፤ ዚፑን ዘግተው ሻወር ሥር ሰቀሉት። አሥር ደቂቃ ሙሉ ውሃው ወረደበት። ሲና በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

እትዬ አስማ ውሃውን ዘጉ። ሻሹን አውጥተው ዘረጉት፣ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ቆዩ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ መልሰው ተከናነቡትና የዐስርን ሶላት ሊሰግዱ ሄዱ።